ግጥሙን ማን ሰጠው?

የእህቴ ባል በሬዲዮ የተሰማ ዕለት በሰፈራችን ወጥ ያላሳረረች ሴት አልነበረችም። ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለችው ባለጠጅ ቤት ሬዲዮኗን አውጥታ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው፤ ሰዉም ዙሪያውን ከበበ። መጀመሪያ ማሲንቆው ተሰማ፣ ቀጥሎ ከበሮው ገባ፣ ከዚያ የሱ ድምፅ መጣ፦

ደመናው ከበደ ከአቡነ ዮሴፍ ላይ፣
ዘር የያዘ እጄን ማን ይሆን የሚያይ።

እሱ ራሱ መሀላችን ቆሞ ነበር። ደስታ ይሁን እፍረት እንጃ፣ ከገዛ ድምፁ ጋር ቀስ ብሎ ማንጎራጎር ጀመረ። አጠገቡ ከገጠር ለገበያ የወጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በከዘራቸው ጎኑን ጎሸም አደረጉትና «ኧረ ዝም በል አንተ! ሰውየውን እንስማበት!» አሉት። ከበሮ መቺው ጓደኛው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። «እውነታቸውን ነው» አለው፣ «እዚያ ውስጥ ያለው ካንተ ይሻላል።»

ዘመኑ የደርግ ነው፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና አልመጣም። ሁለቱ በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ ለበዓል ለበዓል የተባሉትን ይዘፍናሉ፣ በሠርግ ወራት ደግሞ ለራሳቸው ይዞራሉ። ከዚያ የሬዲዮ ቀን ወዲህ የእህቴ ባል የኛ መሆኑ ቀረ። የላስታ ሁሉ ዘመድ ሆነ። ከኮን ከተማ ድረስ በእግሩ መጥቶ ጣቶቹን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ጋሸና ላይ ሹፌሮች ምግብ ቤት ገብተው «የሱን ካሴት ካልከፈታችሁ አንበላም» ይላሉ እየተባለ ይወራ ነበር። ባለጠጅ ቤቷ ፎቶውን አስነሥታ ከጠርሙሶቿ በላይ ሰቀለችው። እህቴ ውኃ ስትወርድ ሴቶቹ ገለል ብለው ያስቀድሟታል። እሷ ይህን አትወደውም ነበር። «ዛሬ ያለ ተራዬ ያስቀዳኝ ሰው፣ ነገ ያለ ተራዬ ያባርረኛል» ትል ነበር። እህቴ እንደዚህ ናት፣ ደስታ ሲመጣ መጀመሪያ በሩን የምትዘጋ።

እኔ ያን ጊዜ በልጅነቴ ከተዳርኩበት ቤት ተመልሼ እሷ ጋ ተጠግቼ እኖር ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከግድግዳ ማስታወቂያ፣ ከመዝሙረ ዳዊት ለቃቅሜ ነው። እህቴ ምሽቱን «አንቺ እስኪ አንብቢልኝ» ትለኛለች፤ የሚነበብ ያጣሁ እንደሆነ ከራሴ ፈጥሬ አነብላታለሁ፣ እሷም እያወቀች ትሰማኛለች።

ከበሮ መቺው ከዚያ ቤት አይጠፋም ነበር። አጭር፣ ፊቱ ሳቅ ብቻ የሆነ፣ ከእህቴ ባል ጋር ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ያደገ ሰው ነው። ጨዋታቸው ጠብ ነበር። ሠርግ ቤት ሲገቡ የተጣሉ ይመስላሉ፤ አንዱ ሲሰድብ ሌላው ከበሮውን አሽቀንጥሮ ሊጥል ይቃጣል፣ ሰው በሳቅ ይሞታል። ከዳሱ ውስጥ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ ዘፋኙም ጎንበስ ብሎ ይሰማና ተቀብሎ ያዜመዋል። የአገራችን ወግ ይኸው ነው፤ ከዘፋኝ አፍ የሚወጣው ሁሉ የዘፋኙ አይደለም። የሰጠው ሰው ይሰድባል፣ የሰጠው ሰው ያሞግሳል፣ ዘፋኙ ድምፁን ነው የሚያውሰው። ይህን የማያውቅ የላስታ ሕፃን የለም።

እንግዲህ በጥር፣ እህቴ በወለደች በሳምንቷ፣ ከነአኩቶ ለአብ ገዳም ማዶ ካለ መንደር ለሠርግ ተጠሩ። እኔ አራሷን ይዤ ቀረሁ። በማግሥቱ ገና ፀሐይ ሳትወጣ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የእህቴ ባል ነው። ጫማ የለውም፣ ነጠላው የለም፣ ማሲንቆው ግን እጁ ላይ ነው።

«ወደቀ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ወንድሜ ወደቀ። ሰው ጥሪ። ገመድ፣ ሰው ጥሪ።»

እንዲህ ነው የሆነው ብሎ የነገረን፦ ሲነጋጋ ከሠርጉ ወጡ፤ ሌሎቹ ቀድመዋል፤ ሁለቱ ወደ ኋላ ቀርተው እየተሳሳቁ መጡ። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ከበሮ መቺው የከበሮውን ጠፍር ላጥብቅ ብሎ ቆመ፤ የእህቴ ባል ጥቂት ቀደመ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ድምፅ ሰማ፣ ዞረ፣ ሰው የለም።

ወንዶቹ በገመድ ወርደው አወጡት። ከበሮው ገደሉ ወገብ ላይ ቁጥቋጦ ይዞት፣ ቆዳው እንኳን ሳይሰነጠቅ ተገኘ።

ቀብሩ ላይ ሁሉም ከእህቴ ባል ጋር አለቀሰ። እሱ መሬት ላይ ሲንከባለል ያየው ሁሉ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» አለ። ይህን ያልኩት ሰዉ ክፉ ነው እንዳይባልብኝ ነው። ሰዉ ክፉ አልነበረም። ግን ሐዘን ሲበርድ ወሬ ይሞቃል። ከሠርጉ የተመለሱት ሰዎች አንድ ግጥም ይዘው መጡ፤ ሰባት ቀን ሳይሞላ ግጥሙን የማያውቅ አልነበረም። ያን ምሽት የእህቴ ባል ለከበሮ መቺው እንዲህ ብሎ ዘፍኖለት ነበር፦

ከበሮህን አዝለህ ውረድ በገደሉ፣
ማሲንቆ ይበቃል ለሠርገኛው ሁሉ።

መጀመሪያ የሰማሁት ከምንጭ ወርጄ ነው። ሴቶቹ ሲያዩኝ ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዷ፣ ትናንት ተራዋን ለእህቴ ትለቅ የነበረችው፣ «ዛሬስ ተራ ነው እህቴ» አለችኝ።

«ተራ መሆኑን ማን ጠየቀሽ?» አልኳት።

«እንዲያው ነው። ሰው ገደል ውረድ ብሎ ሲያዜም፣ ሰውየውም በገደል ሲወርድ፣ ምን ይባላል?»

«ግጥም የሚሰጠው ሰው መሆኑን አታውቂም? አንቺስ በስንት ሠርግ ላይ ነው አማትሽን ያሰደብሽው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ለኔ አልነበረም። «የማሰድባትማ አልሞተችብኝም» አለች። «እስቲ ማን ሰጠው? ሰጪው ይውጣና ይናገራ። ወንድ ከሆነ ይውጣ።»

አንዲት አሮጊት እንስራዋን እያነሣች «ለእህትሽ መሟገትሽ ልክ ነው፣ ማልቀሱንም አልቅሺ፤ መመስከር ግን አትችዪም» አለችኝ። ይኼ አነጋገር እስከ ዛሬ ያመኛል። እውነትም ነበር፣ እኔ ከሠርጉ አልነበርኩም።

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ነገሩ አድጎ ቆየኝ። «ጓደኛው ሲወድቅ ማሲንቆውን እንዴት አልጣለም?» ይላል አንዱ። «ከበሮው እንዴት ደኅና ሆነ? መጀመሪያ ተቀብሎት ነው የገፋው» ይላል ሌላው። «በሬዲዮ ብቻውን ሊወጣ ፈልጎ ነው» ይላል ሦስተኛው። በሬዲዮው ቀን ጎኑን በከዘራ የጎሸሙት ሽማግሌ እህል ተራ ላይ ሰው ሰብስበው «እኔ አጠገቡ ቆሜ ዓይኑን አይቻለሁ። ያን ጊዜውኑ የገዳይ ዓይን ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው።

«አባባ፣ ያን ቀን እኮ ማን እንደሆነም አላወቁት!» አልኳቸው።

«ለዚያ ነዋ ያስፈራኝ ልጄ!» አሉ፤ ሰውም ራሱን ነቀነቀ።

ባለጠጅ ቤቷ ፎቶውን አላወረደችውም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። «ነገሩ እስኪጣራ» አለችኝ፣ እንደ ዳኛ።

በሳምንቱ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው የእህቴን ባል ወሰዱት። የቀበሌው ሊቀመንበር ደኅና ሰው ነበሩ፤ እህቴን ከደጅ ሆነው፣ አራስ ቤት ወንድ አይገባምና፣ በግድግዳው በኩል አነጋገሯት። «ልጄ፣ እኔ አይደለሁም፤ ሕዝቡ ነው» አሉ። «እሁድ ሕዝቡ ይሰበሰባል። ሕዝቡ አድርጓል ካለ ደሴ ይላካል፤ አላየንም ካለ በዋስ ይወጣል።» በዚያ ዘመን ደሴ ተላከ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አይነገርም ነበር። ከሰፈራችን የሄዱት አልተመለሱም። እህቴ ሕፃኗን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው አዞረቻት፤ ከሁለቱም የሚወጣ አልነበረም።

ሲሄዱ «ያደርገዋል እንዴ?» አለችኝ።

«ምን ያደርገዋል?»

«አታድክሚኝ። አንቺ ካንድ ጣራ ሥር ኖረሻል። ያደርገዋል?»

«አያደርገውም።»

«እኔም አያደርገውም እላለሁ» አለች። «ግን ስለው ድምፄ እንደነሱ ነው። እነሱም እንዲህ ነው የሚሉት፣ ሳያዩ።»

በነጋታው ምግቡን በአገልግል ይዤ እስር ቤት ሄድኩ። ጠባቂው አገልግሉን ከፍቶ እንጀራውን በጣቱ ወጋ ወጋ አደረገና አሳለፈኝ። የእህቴ ባል ከአጥሩ ወዲያ ቁጭ ብሏል። ጢሙ አድጎ፣ አንገቱ ቀጥኖ፣ ያ የሬዲዮው ሰው ነው ብትሉኝ እኔም በከዘራ እጎሽመው ነበር።

«ልጅቷ ትጠባለች?» አለኝ መጀመሪያ።

«ወንድም ጋሼ፣ ያን ግጥም ማን ሰጠህ?»

አገልግሉን ወደ ራሱ ሳበ።

«ማን ሰጠህ? ስሙን ጥራና እሁድ እንጥራው።»

«ሰው ነው የሰጠኝ።»

«ሰው መሆኑንማ አውቃለሁ፣ ዝንጀሮ አይሰጥህ!»

ትንሽ ሳቀ። ከዚያ «ሰጪውን የሚያወጣ ዘፋኝ ሁለተኛ ማን ይሰጠዋል?» አለኝ።

«ሁለተኛ? ሁለተኛ የት ልትዘፍን ነው? ደሴ?»

እንጀራውን ቆርሶ ያዘና ሳይጎርስ ቆየ። «እኔ ብወጣ እወጣለሁ፣ ብቀር እቀራለሁ» አለ። «ያን ግጥም የሰጠኝ ሰው ግን ስሙ የወጣ ቀን፣ ከኔ እስር የከፋ እስር ነው የሚገባው። ለእህትሽ ተረጂኝ በያት።»

ለእህቴ ነገርኳት። አልተረዳችውም። እኔም አልተረዳሁትም። ተናድጄ ነበር፤ ኩራት መሰለኝ።

የከበሮ መቺው እናት ቤት ለቅሶ ገና አልተነሣም። ወግ ነውና የተጠረጠረ ሰው ወገን ለቅሶ ቤት አይደርስም፣ የደም ነገር ያስፈራል። የእህቴ የነፍስ አባት ግን መጥተው «ተነሽ፣ እንሂድ» አሉኝ።

«አባ፣ ባልሄድስ? ይወግሩኛል እኮ።»

«ካልሄድሽማ ፈረድሽበት ማለት ነው» አሉኝ። «ገዳይ ነው ብላ የቀረች ትመስያለሽ።»

ቤቷ ከከተማው ወረድ ብሎ ነው። ስገባ የተቀመጡት ሴቶች እንደ ንብ እም አሉ። በሩ ሥር ተቀመጥኩ። እናትዬዋ ራሷን ተላጭታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አጥብቃ አስራ፣ ጥግ ላይ ነበረች። ጥርሷ ያመማት ይመስል ነበር። አባ ፀሎት አድርሰው ሲጨርሱ በነጠላዋ ውስጥ ሆና ጠራችኝ።

«ያራሷ እህት ነሽ?»

«አዎ እማማ።»

«ምን ወለደች?»

«ሴት።»

«ጡቷ ሞላላት?»

አልሞላላትም አልኳት። ለምን እንዳልሞላላት ሁላችንም እናውቃለን። «አብሽ አፍልተሽ ስጫት» አለችኝ። «ጠዋትና ማታ። ሕፃኗ ምን አደረገች?» አንዲት ሴት አጠገቧ ሆና ጉልበቷን ያዘቻት። እናትዬዋ ግን ቀጠለች፦ «ከአፍ የወጣ ነገር ልጄ... ከአፍ የወጣ...»

«በቃሽ እታለም! ተይው በቃ!» አለች ያቺ ሴት፤ ሌሎቹም ተቀብለው «ተይው፣ ተይው» አሉ፣ እኔን በክፉ ዓይን እያዩ።

ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ። «አባ፣ ከአፉ የወጣው ነው የገደለው እያለችኝ እኮ ነው» አልኳቸው። አባ መቋሚያቸውን እያዩ ሄዱ እንጂ አልመለሱልኝም። ኋላ ሳስበው የእናትዬዋንም ንስሐ የሚሰሙት እሳቸው ነበሩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቀበሌው ጓሮ ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ተሰበሰብን። ከአውራጃው አንድ ጓድ መጥቶ ነበር፣ ወጣት፣ ካኪ የለበሰ። «ጓዶች» አለ፣ «አውጫጭኝ የሚባለው የፊውዳል ሥርዓት ርዝራዥ ነው። ዛሬ የምናካሂደው የሰፊው ሕዝብ ውይይት ነው።» ሽማግሌዎቹ «እሺ ጓድ» አሉና አውጫጭኙን ጀመሩ። ያው ነው፤ ሁሉም በተራው ይነሣል፣ ይምላል፣ ያየውን ይናገራል።

«በላሊበላ ይዤአለሁ፣ ያየሁት የለም» አለ የመጀመሪያው። «የሰማሁት ግን ገደል ውረድ ብሎታል።»

ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ባለጠጅ ቤቷ ተነሣች፦ «እኔ ቤቴ ስንት ጊዜ ጠጥተዋል፣ ሲሰዳደቡ ነው የሚውሉት። ፎቶውን አዙሬዋለሁ፣ ይኸው ነው።» የሙሽራው ሚዜ የነበረ ጎረምሳ ተነሥቶ ግጥሙን ሊያዜመው ሲል ሊቀመንበሩ «በል በል፣ ሠርግ አይደለም» አሉት። ሁሉም «ሰማሁ» ይላል። ከማን ሰማህ ሲባል «ከሰው»፤ ያ ሰው ሲጠየቅ እሱም «ከሰው»። ጓዱ ሲጽፍ አየሁት፤ እያንዳንዱን ሰማሁ እንደ አንድ ምስክር ነው የሚጽፈው። የእህቴ ባል መሀል ላይ በርከክ ብሎ መሬት መሬት ያያል። ያጨበጨበለት ሕዝብ መሀል እንዲያ ሆኖ ማየት፣ ኧረ ምን ልበላችሁ።

የኔ ተራ ሲደርስ ተነሣሁ። «ግጥም የሚሰጥ ሰው አለ» አልኩ። «ይህንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ለሱ ግጥም ሰጥቶ የማያውቅ ማነው? እጁን ያውጣ!» አንድም እጅ አልወጣም፤ ግን አንዱ ከኋላ «እንጀራውን የምትበላ ናት» አለ፤ ሰዉም ሳቀ፤ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ አንገት ለአንገት ገጥመው መማከር ጀመሩ። ፊታቸውን አየሁና አለቀልን አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ ረድፍ እናትዬዋ ተነሣች። ሁለት ሴቶች ቀሚሷን ይዘው ወደ ታች ጎተቷት፤ በእጇ መታቻቸው። ነጠላውን ከአፏ ፈታች።

«የሞተው ልጄ ነው» አለች። «ልናገር።»

«ይናገሩ እማማ» አለ ጓዱ፣ ተነሥቶ።

«ግጥሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ማንም አልገባውም። ሊቀመንበሩ «ምን አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ገደል ውረድ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠዋት ምስር ስለቅም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ‹እማዬ፣ ዛሬ አንቺ ነሽ የምታሰድቢኝ፣ ካንቺ ከመጣ ሰው ይሞታል በሳቅ› አለኝ። ግጥሙን እሱ ነው የሠራው። አጥንቼ እስክይዘው ከጎኔ አልተነሣም። ስሳሳት ይስቅብኛል። ማታ ዳሱ ውስጥ ተቀበል አልኩት ይኸን ልጅ፤ ጎንበስ ብሎ ሰማኝና ‹እማማ፣ ይኼ ይከብዳል፣ ሌላ ይስጡኝ› አለኝ። ‹ልጄ የሰጠኝ ነው፣ በል› አልኩት። ልጄ ማዶ ከበሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲስቅልኝ አየሁት። ከዚያ ወዲያ ሲስቅ አላየሁትም።»

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«ገደል ግባ ያልኩት እናቱ ነኝ» አለች። «ይኸን ልጅ ደሴ የምትልኩት ለግጥሙ ከሆነ፣ እኔን ላኩኝ።»

አጠገቧ የነበረችው፣ ለቅሶ ቤት ጉልበቷን የያዘቻት ሴት፣ ተነሣች። «እውነቷን ነው። አጠገቧ ነበርኩ።» ሌላዋ ተነሣች። «እኔም ሰምቻለሁ።» ሦስተኛዋም ተነሣች። ያ ሁሉ የሴት ረድፍ ያውቅ ነበር።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አላችሁ?» ብሎ ጮኸ ጓዱ።

«ጓድ፣ ልጅዋን ለቀበረች እናት፣ አፍሽ ነው የላከው እንዴት ይባላል?» አለች ሴትየዋ። «አንተ ብትሆን ትላለህ?»

ጓዱ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መትተው «ሲገፋው ያየ አለ?» አሉ። ዝም። «ያየ?» ዝም። «እንግዲህ የቀረው ወሬ ነው» አሉና ካባቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አባ ዋስ ሆኑት።

የእህቴ ባል ሲፈታ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቤቱ አልነበረም። እናትዬዋ እግር ላይ ወደቀ። እሷ ግን ነጠላዋን መልሳ አፏ ላይ አስራ ነበር፤ ራሱን ዳበሰችውና ዝም ብላ ሄደች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ሰኞ ዕለት ውኃ ወረድኩ። ሴቶቹ ገለል አሉና «ቅደሚ እህቴ፣ ቅደሚ» አሉኝ፣ እንደ ድሮው። ያቺ «ተራ ነው» ያለችኝ ሴት እንስራዬን ራሷ አሸከመችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አየሽ የእናት አፍ?» አለችኝ። «እናት ገደል ግባ ብላው ምን ይቀራል? እኔ እኮ መጀመሪያውኑ ጠርጥሬያት ነበር።» በሳምንቱ ከተማው በሙሉ መጀመሪያውኑ ጠርጥሯት ነበር። ምንጭ ስትወርድ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች ነጠላቸውን ልጃቸው ላይ ይጥላሉ። ዱቄት ብድር የምትጠይቃት ጎረቤቷ እንኳ ደጇን ዘግታ በጓሮ መዞር ጀመረች። ገበያ ላይ ዕቃ ስታነሣ ነጋዴው «ምንም አትበዪብኝ እንጂ ውሰጂው» ይላታል።

የእህቴን ባልም በሙሉ አልለቀቁትም። ገዳይ ነው የሚሉት ተቀነሱ እንጂ አልጠፉም፤ «እናትዬዋን አስመክሯት ነው» የሚሉም ነበሩ። ንጹሕ ነው የሚሉትም ለሠርጋቸው አልጠሩትም። «ክፋት አይደለም» አለኝ አንዱ ባለ ሠርግ፣ «ተቀበል ስንለው ገደሉ ትዝ ይለናል።» ባለጠጅ ቤቷ ፎቶውን መልሳ አዞረችው፤ እሱ ግን ደጇን አልረገጠም። ሬዲዮው ያንን ዘፈን አልፎ አልፎ ያሰማ ነበር። ከበሮው ሲገባ ከቤት ይወጣል። የሞተው ሰው እዚያ ውስጥ እየመታ ነውና።

እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠይቁኝ አሉ፦ «እውነቱን ንገሪን፣ ገፍቶታል አልገፋውም?» እኔ አልገፋውም ብዬ ነው የማምነው። ግን አላየሁም። ያን ጠዋት በሩን ስከፍትለት ማሲንቆው እጁ ላይ መሆኑን እኔም አይቻለሁ፤ ለምን እንዳልጣለው ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም። ይኼን ያህል ነው የማውቀው፤ ከዚህ በላይ ካልኩ እኔም ምንጭ ዳር ቆምኩ ማለት ነው።

ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ሲል የክርስትና እናት ጉዳይ መጣ። ዘመድ ብዙ ነበር፤ ባለጠጅ ቤቷ እንኳ «እኔ ላንሣት» ብላ ልካ ነበር። እህቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ከወለደች የመጀመሪያ መንገዷ ነው። ተከተልኳት። ቁልቁል ወደ እናትዬዋ ቤት ወረደች።

«እማማ፣ ልጄን ክርስትና ያነሡልኛል?» አለቻት።

እናትዬዋ ራሷን ነቀነቀች፣ እምቢ ብላ። አፏን በጣቷ አሳየችን። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ሰው ፊት ቃል አውጥታ አታውቅም ነበር።

«አውቃለሁ» አለች እህቴ። «እርስዎ በዚያ አፍ ነው ባሌን ያመጡልኝ። በዚያው አፍ ልጄን ቤተ ክርስቲያን ያስገቡልኝ።»

የክርስትናው ዕለት ጠዋት ደብራችን ሞልቶ ነበር። ለክርስትና የመጣ ሰው ያን ያህል አይደለም፤ ሊያይ ነው የመጣው። እናትዬዋ ሕፃኗን ስትቀበል ከኋላዬ «ለዚያ አፍ ሕፃን ይሰጣል?» ሲባል ሰማሁ፤ እህቴም ሰማች፣ አልዞረችም። የእህቴ ባል ከአባ ጎን ቆሟል። ሕፃን አይናገርምና ስለ እሷ ሆና ሰይጣንን ክጃለሁ፣ በክርስቶስ አምናለሁ የምትለው የክርስትና እናቷ ናት። አባ ጠየቁ። ዝም አለች። ሕፃኗ ነጠላዋን ይዛ ጎተተችና ከአፏ ላይ አወረደችው። አባ ደግመው ጠየቁ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ከፍ አርጊው ልጄ» አሏት አባ፣ እሳቸው ከሷ ብዙም ሳይበልጡ። «አልተሰማም።»

ወደ ሕዝቡ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ሕፃኗን አየች። ከፍ አድርጋ አለችው።